የሐይቅ ዕድሜ በተራራው ይወሰናል

ብዙ ውሃ በአንድ ስፍራ ተከማችቶ ሲታይ ከጥንት የነበረና ለዘለዓለም የሚኖር ይመስላል። በሐይቅ ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው አያቱ ያዩትን ውሃ እርሱም ያያል፤ ልጁም እንደሚያየው አይጠራጠርም። ነገር ግን ሐይቅ እንደ ተራራ ተተክሎ የቀረ ነገር አይደለም። ሐይቅ በየዕለቱ ገቢና ወጪ ያለው ሒሳብ ነው። ገቢው ከወጪው ሲበልጥ ይሞላል፤ ወጪው ሲበልጥ ይጐድላል፤ ሒሳቡን የሚይዝ ሰው ከሌለ ግን መጕደሉ የሚታወቀው ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ሐይቆች እንዴት እንደሚፈጠሩና እንዴት እንደሚጠፉ ጥቂት ከተናገርን በኋላ፥ በደቡብ ወሎ በአምባሰል አጠገብ ስለሚገኘው ስለ ታላቁ የሐይቅ ውሃ ሊታሰብበት የሚገባውን ነገር ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ እንወዳለን።

የሐይቅ ጠባይ ከሁሉ ይልቅ ፈጥኖና ተገልጦ የሚታየው በበረዶ አገር ነው። በሰሜን ዋልታ አጠገብ ያለችው የግሪንላንድ ደሴት አብዛኛው ምድሯ፥ ውፍረቱ በብዙ ስፍራ ከአንድ ሺሕ ሜትር በሚበልጥ በረዶ የተሸፈነ ነው። በጋ በገባ ጊዜ ፀሐይ ሌሊቱንም ሳትጠልቅ ስለምትሰነብት የበረዶው ገጽ ይቀልጣል፤ የቀለጠውም ውሃ በበረዶው ላይ እየፈሰሰ ዝቅ ወዳለው ስፍራ ወርዶ ይጠራቀማል። እንዲህ ሆኖ ወለሉም ዳሩም በረዶ የሆነ ሰማያዊ ሐይቅ ይፈጠራል። ነጭ በረዶ አብዛኛውን የፀሐይ ብርሃን ወደ ሰማይ ይመልሰዋል፤ ጠቈር ያለው ውሃ ግን ብርሃኑን ይውጠዋል፥ ይሞቅበታልም። ስለዚህ ሐይቁ የራሱን ወለል ራሱ እያቀለጠ በስፋቱ ላይ ጥልቀትን ይጨምራል።

መፍሰሱም እንደ አፈጣጠሩ የሚያስደንቅ ነው። በረዶ በውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ውሃ ከበረዶ ስለሚከብድ ነው። ከሐይቁ በታች ያለው በረዶ በተሰነጠቀ ጊዜ ውሃው ወደ ስንጥቁ ይገባና በክብደቱ እንደ ሽብልቅ እየፈለጠ ይወርዳል፤ ከላይ የሚመጣው ውሃ እስካልተቋረጠ ድረስም ከታች ካለው ዐለት ሳይደርስ አይቆምም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. በሐምሌ ወር በግሪንላንድ ምዕራብ 5.6 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት የነበረው አንድ ሐይቅ፥ 44 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚያህል ውሃ ይዞ ሳለ፥ አንድ ሺሕ ሜትር ገደማ ውፍረት ባለው በረዶ ውስጥ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ሰርጎ አለቀ። አስቀድመው በስፍራው መለኪያ ያቆሙት ሊቃውንት እንደ መዘገቡት የፍሰቱ ብርታት በአሜሪካና በካናዳ ወሰን ካለው ከናያጋራ ፏፏቴ ይበልጥ ነበር። ሐይቁ እንዲህ በድንገት ከመሰወሩ በፊት ግን ብዙ ሰዓት ቀስ እያለ ሲጐድል ቈይቶ ነበር። ምልክት ከጥፋት እንደሚቀድም በዚህ ልብ ይሏል።

እንዲህ ያለው ነገር በሌላም አገር ታይቷል። በደቡብ ዋልታ ላርሰን ቢ ተብሎ የሚጠራውና በሺሕ ለሚቈጠሩ ዓመታት በባሕር ላይ ተዘርግቶ የኖረው የበረዶ መድረክ፥ ገጹ በቀለጠ ውሃ ኩሬዎች ከተሞላ በኋላ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. 3,250 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህለው ክፍል በአንድ ወር ገደማ ተሰባብሮ ከባሕር ገባ። በፔሩ አገርም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1941 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ከበረዶ ተራራ ግርጌ የነበረው የፓልካኮቻ ሐይቅ ዳሩን ጥሶ ወርዶ የዋራስን ከተማ ከፊሏን ጠርጎ ወሰደ፤ ብዙ ሕዝብም አለቀ። ከዚያ መከራ በኋላ የፔሩ መንግሥት በተራራ ላይ ያሉትን ሐይቆች የሚመረምር፥ አስጊ የሆኑትንም በቦይ እያስተነፈሰ የሚያቀንስ መሥሪያ ቤት አቆመ። መከራውን ያየ ሕዝብ ሐይቅ ጠባቂና መለኪያ እንደሚያስፈልገው ተማረ ማለት ነው።

አንባቢ ግን ይህን ሁሉ ሲሰማ፥ የበረዶ አገር ነገር ለእኛ ምናችን ነው? ይል ይሆናል። ዛሬ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ከዓመት እስከ ዓመት የሚኖር ግግር በረዶ የለም። በጥንት ዘመን ግን በባሌና በስሜን ተራሮች ላይ ነበረ። በባሌ 3,950 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው ገርባ ጉራቻ የሚባለው ትንሽ ሐይቅ የተኛው፥ ያ ጥንታዊ በረዶ ፈልፍሎ ትቶት በሄደው ጐድጓድ ውስጥ ነው። እንግዲህ የአየር ጠባይ ሲለወጥ ውሃ ስፍራውን እንደሚለውጥ የገዛ ተራሮቻችን ምስክሮች ናቸው። በረዶው ሐይቅ በሁለት ሰዓት የሚያሳየንን የአፈርና የዐለት ሐይቅ በመቶ ዓመት ያሳየናል፤ ልዩነቱ የጊዜው ርዝመት እንጂ የሒሳቡ ሕግ አይደለም።

ወደ ወሎው ሐይቅ እንምጣ። ይህ ውሃ የበረዶ ልጅ አይደለም፤ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ አፋፍ ምድር ተሰንጥቃ ስትሰምጥ የተፈጠረውን ጐድጓድ ሞልቶ የተገኘ ነው። የአገሩ ሰው ደግሞ ስለ አፈጣጠሩ የሚተርከው አለው። አንዲት እመቤት አንዲትን ነፍሰ ጡር ሴት ስለ በደለቻት፥ እግዚአብሔር ተቈጥቶ በዙሪያዋ ያለውን ምድር ሁሉ ውሃ አደረገው፤ ያች የተበደለችው ሴት የተቀመጠችበት ስፍራ ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ ይላሉ። ሊቃውንቱ ስለ ምድር መሰንጠቅ ይናገራሉ፤ ሽማግሌዎቹ ስለ ፍርድ ይናገራሉ። ሐይቁ የተፈጠረው በሰው ግፍ ነው ያሉት አባቶች፥ በሰው ግፍ ሊጠፋም እንደሚችል ሳያስቡ የቀሩ አይመስለንም።

ሐይቅ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በተሁለደሬ ወረዳ ይገኛል። የውሃው ስፋት 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፥ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር በላይ ነው። ከእርሱ ከፍ ብሎ በደቡብ ምሥራቅ በኩል አርዲቦ የሚባል ታናሽ ሐይቅ አለ፤ የአርዲቦ ትርፍ ውሃ በአንከርካ ወንዝ ወርዶ ወደ ሐይቅ ይገባል። በአቅራቢያው ያሉት የአምባሰል ተራሮች ደግሞ እንደ ዳኛ ውሃን ያካፍላሉ፤ በምዕራብ በኩል የዘነበውን ወደ በሽሎ ሰደው ለዓባይ ያስረክቡታል፤ በምሥራቅ በኩል የዘነበውን ወደ ሚሌ ሰደው ለአዋሽ ያስረክቡታል። የሐይቅ ውሃ ግን ዛሬ ከሁለቱም አይገባም፤ በምድር ገጽ የሚታይ መውጫ የለውምና።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ በዚህ ውሃ የሚከራከረን ጐረቤት አገር የለም። ከተራራው ጫፍ እስከ ጥልቁ ድረስ የእኛ ነው። ቢለማ ምስጋናው ለእኛ ይሆናል፤ ቢጠፋ ግን የምንከሰው ባዕድ አናገኝም። ሁለተኛው፥ መውጫ ያለው ሐይቅ ያደፈውን በክረምት ጐርፍ ገፍቶ ያስወጣል፤ መውጫ የሌለው ግን የተቀበለውን ሁሉ እንደ ያዘ ይኖራል። ፀሐይ የምትወስደው ጥሩውን ውሃ ብቻ ነው፤ አፈሩን፥ ጨውን፥ ከእርሻ የታጠበውን የተባይ መርዝና ማዳበሪያ፥ ከከተማ የወረደውን ጕድፍ ሁሉ ትታው ትሄዳለች። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ከሌላ ስፍራ መጥቶ በሐይቁ ውስጥ ተጨምሯል፤ ዛሬ ለብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ግን የቀድሞው የውሃ ጥራት እንደ ተለወጠ የመረመሩት ሊቃውንት ጽፈዋል። በዚህ ሐይቅ ውስጥ የገባ ነገር፥ መልካምም ይሁን ክፉ፥ እንግዳ ሆኖ አይመለስም፤ ባለቤት ሆኖ ይቀራል።

ይህ ውሃ ለአገራችን ታሪክም ባለ ውለታ ነው። በ13ኛው ምዕት ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ ተምረው መጥተው በሐይቅ እስጢፋኖስ ትምህርት ባቆሙ ጊዜ፥ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ ደቀ መዛሙርት ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። ስፍራው ያን ጊዜ ደሴት ነበር። በ16ኛው ምዕት ዓመት የኢማም አሕመድ ሠራዊት ወደ ገዳሙ ለመሻገር በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ መሻገሪያ ማበጀት ግድ እንደ ሆነበት የዘመኑ ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ ተርኳል። ዛሬ ግን ወደ እስጢፋኖስ የሚሄድ ሰው ደረቅ ምድር እየረገጠ በእግሩ ይገባል። ለዚህ ምክንያቱ የሰው እጅ ብቻ ነው አንልም፤ የዝናም ማነስና መብዛትም በየዘመኑ ሐይቁን ዝቅና ከፍ አድርጎታል። ነገር ግን ታንኳ ይፈልግ የነበረ መንገድ ለእግረኛ የተመቸ መሆኑ፥ ሐይቅ የማይነቃነቅ ነገር ነው ለሚል ሰው በቂ መልስ ነው።

የሐይቁ ጭቃም ታሪክ ጸሓፊ ነው። በየዓመቱ ከተራራው የሚወርደው አፈርና ከዛፎች የሚረግፈው የአበባ ብናኝ በወለሉ ላይ እንደ መጽሐፍ ቅጠል እየተነባበረ ይተኛል። ሊቃውንት ከሐይቅና ከአርዲቦ ወለል ይህን ጭቃ አውጥተው መርምረው የሦስት ሺሕ ዓመት ታሪክ አንብበውበታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ የዝግባውና የጥዱ ደን ተመንጥሮ በቍጥቋጦና በሣር ተተክቷል፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1400 እስከ 1700 ዓ.ም. ባለው ዘመን የጥድ ደን እንደ ገና በሰፊው በቅሏል፤ ባለፉት 300 ዓመታት ደግሞ ተመልሶ ተመንጥሯል። ይህ ምርመራ የሚያሳዝንም የሚያጽናናም ነው። የሚያሳዝነው፥ ተራራውን የማራቈቱ ሥራ የትናንት ብቻ አለመሆኑ ነው። የሚያጽናናው ግን፥ ይህ ምድር ዕረፍት ባገኘ ጊዜ ደኑን መልሶ ለማብቀል የሚችል መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ሁለተኛ ሊሆን ይችላል።

ዛሬ በሐይቁ ላይ የሚያሠጋው ነገር በዓይን የሚታይ አይደለምና ሒሳቡን በቍጥር እናስቀምጠው። ከአንድ ሄክታር እርሻ ላይ የጥፍር ውፍረት የምታህል አንዲት ሚሊ ሜትር አፈር በዝናም ብትታጠብ 10 ሜትር ኩብ አፈር ትሆናለች፤ ይህም አንድ ትልቅ የጭነት መኪና የሚሞላ ነው። ባለ እርሻው በማሳው ላይ ምንም አላጣሁም ይላል፤ ሐይቁ ግን መኪና ሙሉ አፈር ተቀብሏል። እንደዚሁም ሐይቁ በአንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢጐድል 230 ሺሕ ሜትር ኩብ ውሃ ሄደ ማለት ነው። በዳር ቆሞ የሚያይ ዓሣ አጥማጅ አንድ ሳንቲ ሜትር አይለይም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ያሉት አበው ለካ ስለሚወሰደው ሰው ብቻ አይደለም፤ ውሃው ራሱም እያሳሳቀ ይሄዳል።

እንዲህ ያለው ነገር የሐረርጌን ሕዝብ አግኝቶታል። የሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የሚጠጣ፥ ለዙሪያው ገበሬም የሚያጠጣ ውሃ ነበር። ከተማው በቧንቧ ሲቀዳ፥ ገበሬው ለጫትና ለአትክልት በሞተር ሲስብ፥ ከኮረብታው ደግሞ አፈር ሲወርድበት ቈይቶ፥ በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ሐይቁ ደርቆ ወለሉ የከብት መሰማሪያ ሆነ። የሐረር ከተማም የሚጠጣውን ከድሬዳዋ ወገን ከሩቅ ለማስመጣት ተገደደ። በቅርብ ዓመታት ውሃ ወደ ሐረማያ መመለሱ ሁላችንን ደስ አሰኝቶናል፤ ነገር ግን የተመለሰለት ሕዝብ መካከል ላይ ያሳለፈውን የጥም ዘመን ማንም አይመልስለትም። ከሐረማያ የሚቀዳው እያንዳንዱ ሰው የወሰደው ጥቂት ነበር፤ ሐይቁን ያደረቀው የጥቂቶቹ ድምር ነው።

ሐረማያ ጥልቀቱ ትንሽ ነበር፥ የወሎው ሐይቅ ግን ጥልቅ ስለ ሆነ አያሠጋም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሐይቅ እንደ ሐረማያ ፈጥኖ አይደርቅም። ነገር ግን የሐይቅ ሞት በመድረቅ ብቻ አይደለም። ዓሣ የሚራባው፥ ቄጠማና ደንገል የሚበቅለው፥ ከብት የሚጠጣው ከዳሩ ነው እንጂ ከ80 ሜትር ጥልቁ አይደለም። ዳሩ በደለል ከተሞላና ውሃው ካደፈ፥ መካከሉ ጥልቅ ሆኖ መቅረቱ ለዓሣ አጥማጁም ለገበሬውም ምን ይረባዋል?

ሌላው ደግሞ፥ ገበሬው የሚበላው ሳይኖረው ስለ ሐይቅ ዳር ሣር ማውራት የጠገበ ሰው ነገር ነው ይላል። ይህ ክርክር የሚናቅ አይደለም። ወሎ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በረኃብ የደረሰበትን መከራ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ በእንዲህ ያለ አገር ማሳን ልቀቅ የሚል ቃል ከአፍ ከመውጣቱ በፊት ሊመዘን ይገባዋል። ስለዚህም ነው ለሐይቁ ሲባል ከገበሬው የሚወሰድ ቢኖር ተተኪው አስቀድሞ ሊሰጠው የሚገባው። ነገር ግን ያንኑ መከራ ያመጣው የዝናም መጥፋት ብቻ አለመሆኑን፥ አፈሩ ታጥቦ ውሃ የማይዝ የሆነው ተራራም እጁ እንዳለበት መርሳት አይገባም። በተራራው ላይ ያልቀረ አፈር ለገበሬውም ለሐይቁም አይሆንም፤ በማሳው ላይ ሲኖር ሀብት የነበረው በውሃው ውስጥ ሲገባ ዕዳ ይሆናል። እንግዲህ ገበሬውና ሐይቁ ተካሳሾች አይደሉም፤ በአንድ ጐርፍ የተዘረፉ ሁለት ተበዳዮች ናቸው።

ሦስተኛው፥ እግዚአብሔር የሰጠውን እግዚአብሔር ይጠብቀዋል ይላል። እኛም ይህን እናምናለን፤ ነገር ግን ገዳሙን የጠበቁት አባቶች ጸሎታቸውን አድርሰው ሲያበቁ ዛፍ እንዳይቈረጥ ይከለክሉ ነበር። በአገራችን ሰሜናዊ ደጋ ከቀረው ጥንታዊ ደን ብዙው በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ አጸድ መገኘቱ፥ ሃይማኖትና ጥበቃ ተለያይተው እንደማያውቁ ያሳያል።

ምን ይደረግ? ለሚል፥ ሐሳባችን ይህ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ሐይቁ ይለካ። በሐይቅና በአርዲቦ ዳር፥ በአንከርካም ወንዝ ላይ የውሃ ከፍታ መለኪያ ቆሞ በየወሩ ይነበብ፤ የተነበበውም በመሥሪያ ቤት መዝገብ ተዘግቶ ከሚቀር፥ በገበያና በቅሬ መሰብሰቢያ ሕዝቡ በሚያየው ሰሌዳ ይጻፍ። ሕዝብ የራሱን ጐተራ ልክ ሲያውቅ ማካፈሉን ያውቃል። እንዲህ ያለው ሥራ ለአገሩ እንግዳ አይደለም፤ በዚያው በደቡብ ወሎ በማይባር ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የአፈር መታጠብ በመሣሪያ ሲለካ ኖሯል።

ሁለተኛም፥ በሞተር የሚሳበው ውሃ ይቈጠር። መስኖ አይከልከል፤ ነገር ግን ከአርዲቦ፥ ከአንከርካና ከሐይቅ የሚሳበው ሁሉ በአንድ መዝገብ ተይዞ፥ ዝናም ባነሰበት ዓመት ሁሉም በልኩ የሚቀንስበት ሥርዓት ይደንገግ። ከላይ ያለው ሰው ወንዙን ጠልፎ ሲያስቀር ከታች ያለው የሚያዝንበት ነገር በሽማግሌና በአበጋር ፊት እየታየ ይፈረድ። ወሎ ደም የሚያስታርቁ አበጋሮች ያሉት አገር ነው፤ ውሃን ማስታረቅ አያቅታቸውም።

ሦስተኛም፥ ሥራው ከዳር ሳይሆን ከተራራው ይጀመር። እርከኑ ይታደስ፤ የተራቈተው ገደል ከከብት ተከልክሎ ሣሩ እየታጨደ ለባለ ከብቱ ይሰጥ፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ የሚተከለውም ችግኝ በተተከለበት ቀን ሳይሆን በጸደቀበት ዓመት ይቈጠር። ከሐይቁ ዳር ጥቂት ሜትር ሳይታረስ ለቄጠማና ለደንገል ይተው፤ ማሳው የተወሰደበት ገበሬ ግን ተተኪ መሬት ወይም ሌላ መተዳደሪያ ይሰጠው። በውሃው ዳር የሚሠሩ ሆቴሎችና ከተማው ራሱ ጕድፋቸውን ወደ ሐይቁ የማይሰዱበት መንገድ ይፈለግ፤ መውጫ በሌለው ውሃ ውስጥ የተጣለ ጕድፍ ተመልሶ የሚመጣው ወደ ጣለው ሰው ማድጋ ነውና።

በመጨረሻም፥ ይህን ሁሉ የሚመለከት አንድ ጉባኤ ይቋቋም። ዛሬ ለዓሣው፥ ለመስኖው፥ ለደኑና ለቱሪስቱ የየራሱ ሹም አለ፤ ለውሃው ሒሳብ ግን ከተራራው ጫፍ እስከ ጥልቁ የሚጠየቅ አንድ ኃላፊ ያስፈልጋል። በዚህ ጉባኤ የወረዳው ሹማምንት፥ የገዳሙ አባቶች፥ ሼሆችና የቅሬ ዳኞች፥ ዓሣ አጥማጆችና ገበሬዎች፥ ከዩኒቨርሲቲም የተላኩ ሊቃውንት አብረው ቢቀመጡ፥ ሐይቁ ባለቤት አገኘ ለማለት ይቻላል።

በግሪንላንድ በረዶ ላይ ያለ ሐይቅ ሲሰነጠቅ ማንም እጁን ዘርግቶ ሊይዘው አይችልም፤ ሁለት ሰዓት ለሸንጎም ለምክርም አይበቃም። የወሎው ሐይቅ ግን ጊዜ ሰጥቶናል። ሰባት መቶ ዓመት ያህል ሊቃውንትን አስተምሯል፤ ዓሣ አብልቷል፤ ከብት አጠጥቷል፤ ዛሬም ዝም ብሎ ይጠብቀናል። ሳይደርቅ በርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላልና፥ መለኪያው ዘንድሮ ይተከል፤ እርከኑ ከሚመጣው ክረምት በፊት ይሠራ። ልጆቻችን ወደ ሐይቅ ዳር ወርደው ማድጋቸውን ሞልተው እንዲመለሱ የምንወድ ከሆነ፥ እኛ ዛሬ አካፋና ዶማ ይዘን ወደ ተራራው እንውጣ።